ከፐርዝ እስከ ሱቫ

ሱቫ፣ ማርች 14 ቀን 1996

ለወንድሜ ለኢሊሶኒ፣

እንዴት ከረማችሁ? ሚስትህ ሊኔትስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ማጊስ? እኛ ደህና ነን። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጎደሬ እየላጠች፣ «ደህና ናት ብለሽ ጻፊ!» ትለኛለች ቢላዋውን እየነቀነቀች። በቢላዋ የታዘዘ ሰው ሌላ ምን ይጽፋል?

በፖስት ካርዱ ጀርባ ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸው። አዎ፣ ስኳሩ አለ። የግራ እግሯ ቁስልም ገና አልደረቀም፤ ሐኪሙ እያያት ነው። አትጨነቅ። እኔን ያስቸገረኝ እግሯ ሳይሆን አፏ ነው። ጎረቤታችን ሎሳሊኒ በኮኮናት የጋገረችውን ኬክ ከትራሷ ሥር አገኘሁት። «ማን አስቀመጠው?» ብላት፣ «አይጥ ይሆናል» አለችኝ። አይጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል?

«ለፋሲካ ምናልባት ብቅ እል ይሆናል» ያልካትን ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩባትና ጥፋት ሠራሁ። ጎደሬውን አስቀምጣ፣ «ከፐርዝ እዚህ ስንት ሰዓት ነው?» አለች። እኔ ምኑን አውቄ! ከሱቫ ሌቩካ በጀልባ ሄጄ አንጀቴ እስኪወጣ ያስመለሰኝ ሴት ነኝ። እስቲ አንተ ጻፍላት። ርቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም። ግን «ምናልባት» የምትባለዋን ቃል ተዋት። እማዬ «ምናልባት»ን «እሺ» ብላ ነው የምታነባት።

ትልቁ አባባ ዋይሳኬ ደህና ነው። ስለ አንተ አይጠይቅም፤ እኛም አናነሳበትም። በታናሽ ወንድሙ፣ በአባባ ቀብር ላይ አንተ የገዛ ልጁ አለመቆምህ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። ወጉን ታውቀዋለህ፤ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘህ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከህ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ስምህ በእሱ ቤት አይነሳም።

እህትህ ኡናይሲ

ፐርዝ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1996

እትዬ፣

ፋሲካ ሳይደርስ ይህ እንዲደርስሽ ብዬ በችኮላ ነው የምጽፈው። መምጣት አልቻልኩም። ማዕድን ማውጫው ፈረቃዬን አዛወረው። መጀመሪያ ይህንን ልበልና ልገላገል ብዬ ነው፤ ሰላምታዬን ያስቀደምኩ አድርገሽ ቁጠሪልኝ። ይቅር በይኝ። እማዬም ይቅር ትበለኝ።

የጠየቀችውን ንገሪያት። በካርታ ላይ በክር ለካሁት፤ ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አውሮፕላን ደግሞ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም። መጀመሪያ ከፐርዝ ሲድኒ አገሩን በሙሉ ያቋርጣል፤ ከታች በረሃ ብቻ ነው። ሲድኒ ተቀምጦ መጠበቅ አለ። ከዚያ በባሕሩ ላይ አራት ሰዓት ተኩል ያህል በርሮ ናዲ ያወርድሻል። ከናዲ ሱቫ ደግሞ አውቶቡሱን ታውቂዋለሽ። አራት ሰዓት ነው፤ ነጂው ዘመድ ካገኘ አምስት። ከዚህም ሌላ የእናንተ ሰዓት ከእኛ በአራት ይቀድማል፤ ሰው ሳይኖርበት የሚያልፈው አራት ሰዓት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። በጠቅላላው አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ በያት። ሩቅ ነው፣ እትዬ። ሩቅ ባይሆን ኖሮ!

ሊኔት ደህና ናት። ወላጆቿ ኖርማንና ግሌኒስ በኦገስት አርባኛ የጋብቻ በዓላቸውን ያከብራሉ፤ ሁላችንንም ይዘው የሆነ ቦታ ሊያዝናኑን አስበዋል። የት እንደሆነ ገና አልወሰኑም።

ታናሽሽ ኢሊሶኒ

ሱቫ፣ ጁን 20 ቀን 1996

ለኢሊሶኒ፣

ሳልጽፍልህ ቆየሁ። እኔ ስቆይ ታምሜ እንዳይመስልህ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት ተደራርቦብኝ ነው።

ለእማዬ የጻፍክላትን መንገድ በቃሏ ይዛዋለች። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ታወርድለታለች፤ «ፐርዝ፣ ሲድኒ፣ ናዲ፣ ሱቫ» እያለች፣ እንደ መዝሙረ ዳዊት። ባለፈው ሎሳሊኒ መጥታ ነገር ጀመረቻት።

«ማካሬታ፣ ልጅሽ የማይመጣው ለምንድን ነው?»

«ሩቅ ነዋ!»

«ጨረቃም ሩቅ ናት። ሰው ሄዶባታል።»

«ጨረቃ ላይ ፈረቃ የለም» አለቻት።

እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና አልኩ። ሎሳሊኒም ሳቀች፤ እማዬም ሳቀች።

በስልክ ስትደውል ያላገኘሃት ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ስልኩ ያለው ሰባኪው ቤት ነው፤ ያ ዳገት በዝናብ ምን እንደሚመስል አትረሳውም። ስለ ቁስሉም ጠይቀሃል። ቁስሉ አሁን የለም። ይህን በእርግጠኝነት እጽፍልሃለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ደግመህ አትጠይቀኝ፤ እማዬም አትወድም።

ልጅቷን ሳማት። እማዬ ፎቶግራፏን እያየች፣ «ማጊ ቢሏትም ማርጋሬት ናት፣ ማካሬታ ማለት ነው፤ እኔን ነው የወጣችው፣ በስሜም በግንባሬም» ትላለች። አንተ አታውቅም እንጂ ያ ግንባር እልኸኛ ነው።

ኡናይሲ

ፐርዝ፣ ኦገስት 29 ቀን 1996

እትዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደረሱኝ። መልሱ ስለዘገየ አትቆጪ።

በሁለተኛው «ቤታችሁ ደውዬ ስልኩን ሰው አላነሳም» ያልሽው እውነት ነው። እኔ በረሃ ነበርኩ። የአንድ ሠራተኛ ሚስት ወለደችና በእሱ ፈረቃ ተተካሁ። ሊኔት ደግሞ ማጊን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ነበረች። በረሃው ዘንድሮ አቧራው ጉድ ነው። የምነዳው መኪና ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ይተልቃል፤ ሆኖም በዚያ አቧራ ውስጥ አፍንጫው አይታይም። የካምፑ ስልክ ተበላሽቶ ስለነበረ ነው ያልደወልኩት። ምግቡም መጥፎ ነበር፤ በየቀኑ የበግ ሥጋ። እንዲህ ነው እንግዲህ።

ለእማዬ ሻርፕ ልኬያለሁ። እግሯ ስለዳነ ደስ ብሎኛል።

ኢሊሶኒ

ሱቫ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ኢሊሶኒ፣

በረሃ ላይ የዘንባባ ዛፍ ይበቅላል?

የአክስታችን ልጅ ሩፔኒ ለእናቱ የልደት በዓል ከናዲ መጥቶ ነበር። እዚያ ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ሹፌር ሆኗል፤ እንግዳ ከአየር ማረፊያ ያመጣል። ሁልጊዜ ካቫ፣ ያን የሥር መጠጥ፣ ሲጠጣ የሚያስቀን ልጅ የዚያን ዕለት ጽዋውን ተቀብሎ ሳይቀምሰው አስቀመጠ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ኡናይሲ፣ ሰው ያየውን ነገር ቢውጠው ሆዱን ያመዋል?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ኢሊሶኒን አየሁት።»

«የት?»

«መኪናዬ ውስጥ። ከፈረንጅ ሚስቱና ከአማቶቹ ጋር። እኔ ‹እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ› አልኩት። ምን ልበለው? እሱም ‹አመሰግናለሁ› አለኝ። ሻንጣውን ሳወርድለት ወደ ጎን ጎትቶኝ፣ ‹ወንድሜ ሆይ፣ አላየኸኝም› አለኝ። ጉርሻ ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ሲከት አንገቱን ላንቀው ምንም አልቀረኝ! ከዚያ ልጅቷን አየሁና ተውኩት። የእማማ ማካሬታ ግንባር አላት።»

ናዲ! በአውቶቡስ አራት ሰዓት ብቻ! የልጅ ልጇን ዳቦ ገዝቶ እንደሚመለስ ሰው ይዘሃት መጥተህ ማታውኑ ልትመለስ ትችል ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ ለእማዬ የበረሃውን አቧራ አነብላታለሁ። «አይ ልጄን! የበግ ሥጋ አይስማማውም» እያለች ታዝናለች።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ሩፔኒም ለማንም አልናገርም ብሎ ምሎልኛል። አልነግራትም። አንተን ብዬ አይደለም።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ለምን?

ኡናይሲ

ፐርዝ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት አልነግርሽም።

አባባ ሲሞት አዲስ ሥራ ይዤ ነበር። ፈቃድ ብጠይቅ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ሊኔት ግን «ሂድ እንጂ! አባትህ እኮ ነው!» ብላ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። ፈራሁ ለማለት አፈርኩ። «ደሴታችን ሩቅ ነው፤ መርከቡ በወር አንዴ ነው፤ ብሄድም ለቀብሩ አልደርስም» አልኳት። አመነችኝ። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ እናቴ ያለችው ሱቫ መግቢያ ላይ፣ አውቶቡስ በደጇ የሚያልፍባት ቤት ነው ልበላት? ውሸት አንዴ ቤት ከገባ ኪራይ አይከፍልም፤ አይወጣምም።

ኖርማን ቲኬቱን ቆርጦ ነው የነገረን። «አገርህን ልናይልህ ነው!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። ምን ልበል?

እዚያ ደርሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ጠዋት ጋዜጣ ልግዛ ብዬ ወጣሁና አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ረዳቱ «ሱቫ! ሱቫ! ሱቫ!» ይጣራል። ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ የጠቀለለችው ካሳቫ ሽታው እንደ ቤታችን ነበር። ራሴን አየሁት፤ ቁምጣ፣ የባሕር ዳር ጫማ፣ ባዶ እጅ። እንዲህ ሆኜ ትልቁ አባባ ፊት? የዓሣ ነባሪ ጥርስ ሳልይዝ፣ ምንጣፍ ሳልይዝ፣ አባቴን ሳልቀብር? ሞተሩ ሲነሳ ወረድኩ። ሴትዮዋ «ልጄ፣ የረሳኸው ነገር አለ?» አለችኝ።

ጋዜጣውን ገዝቼ ተመለስኩ።

ምክንያት አይደለም። የሆነውን ነው የነገርኩሽ። እማዬ እንዳታውቅ፣ በእግዚአብሔር!

ኢሊሶኒ

ሱቫ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1996

ለኢሊሶኒ፣

አልነገርኳትም ብዬሃለሁ፤ አልነገርኳትም። ደጋግመህ አትጠይቀኝ።

አሁን የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው። እማዬ ልትመጣ ነው። አዎ፣ እሷ፣ ፐርዝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ቲኬቷን በመዋጮ ገዝተውላታል፤ ቪዛዋም ወጥቷል። በዲሴምበር ስምንት ትደርሳለች። የቻልኩትን ሁሉ አድርጌ ተከራክሬአታለሁ።

«እማዬ፣ አውሮፕላን አይተሽ አታውቂም!»

«ሲያልፍ አየዋለሁ።»

«መንገዱ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ነው፣ አንቺው ስትዘምሪው አልነበር!»

«መንገዱ ለእሱ ረዘመበት። ለእኔ ያጥር እንደሆነ ልየው» አለች።

የአየር መንገዱ ሠራተኞች ይዘው ያሻግሯታል። ሐኪሙም ፈቅዷል። ምንጣፍ ይዛለች፤ ለሊኔት ወላጆች ራሷ የሠራችው ነው። ዘመድ ሆነው እስከ ዛሬ አለመተዋወቃቸው ያሳፍራታል።

ስታያት አትደንግጥ። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ አስምላኛለች። ለሊኔት ስለ ሩቁ ደሴትና ስለ መርከቡ ምን እንደምትላት አንተ ታውቃለህ።

ኡናይሲ

ፐርዝ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1996

እትዬ፣

ደርሳለች። ደህና ናት። አሁን ጓሮ ሎሚው ሥር ተቀምጣ ማጊን መዝሙር ታስተምራለች።

እንዴት ነው ይህን የደበቅሽኝ?

አየር ማረፊያው በር ላይ ከሊኔትና ከማጊ ጋር ቆመን ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። በመጨረሻ አንድ ወጣት አንዲት ሴትዮን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ብቅ አለ፤ ሴትዮዋ ጭኗ ላይ ምንጣፍ ይዛ ልጁን እየመከረችው ነው። እማዬ ነበረች። ወንበሩ ስላረጀች፣ ስለደከማት መስሎኝ ነበር። ተንበርክኬ ላቅፋት ስል ምንጣፉ ተንሸራቶ ወደቀ። ከጉልበቷ በታች ግራ እግሯ የለም።

እሷ ወደ ታች ወደማየው ቦታ አየችና፣ «ምን ያፈዝዝሃል? ሻንጣ እንዳይበዛ ብዬ እዚያው ተውኩት» አለችኝ።

ሊኔት «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። «አላውቅም ነበር» ብላት አላመነችም። እትዬ፣ ሚስቴ ከዓመታት ወዲህ ያላመነችኝ እውነት በተናገርኩባት ቀን ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኖርማንና ግሌኒስ ለምሳ መጡ። እማዬ ምንጣፉን ዘርግታ ወጉን ሁሉ አደረሰች፤ ተቀምጣ፣ ሦስት ጊዜ አጨብጭባ፣ «ወላጅ አጠገቡ ለሌለው ልጅ አባትና እናት ስለሆናችሁት» አለች። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። ግሌኒስ አለቀሰች። ከዚያ ኖርማን ደስ ብሎት፣ «እኔም የማሳይዎት አለኝ!» አለና ከቦርሳው ፎቶግራፍ አወጣ። የናዲውን።

አንድ በአንድ አየቻቸው። ባሕሩን፣ ሆቴሉን፣ እኔን በዚያ ቁምጣ፣ ማጊን አሸዋ ውስጥ። አንዱ ላይ ሩፔኒ ከኋላ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

ኖርማን፣ ክፋት የለበትም፣ እንዲህ አላት፦ «ያኔ እርስዎን ልንጠይቅ በጣም ፈልገን ነበር። ኢሊሶኒ ግን መርከቡ በወር አንዴ ነው አለን። ደሴትዎ በእርግጥ ያን ያህል ሩቅ ነው?»

እንግሊዝኛውን በደንብ ሰምታዋለች። ሊኔት አየቻት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እማዬ ፎቶግራፉን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ሩቅ ነው» አለችው በእንግሊዝኛ። «በኦገስት ደግሞ ባሕሩ ይከፋል። ልጄ ደግ አደረገ። እናንተን ከነሕፃኗ በዚያ ባሕር ላይ ቢያመጣችሁ ኖሮ እቆጣው ነበር።»

ከዚያ የማጊን ፎቶግራፍ አንስታ፣ «ይህችን ልውሰድ?» አለች። ኖርማን ሁሉንም ሰጣት።

እንግዶቹ ሄደው ሊኔት ማጊን ልታጥባት ስትገባ ጓሮ ወጥቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ያለው እግሯ ሥር።

«እማዬ…»

«ሳህኑን አጥበህ ጨርሰሃል?»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሩፔኒ ያየህ ዕለት ለእናቱ ደወለላት። እሷ ደግሞ ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም፤ ጃንጥላዋን ይዛ በዝናብ መጣች። ለኡናይሲ አትንገሪያት አልኳት፤ ትሰድብሃለች ብዬ። የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።»

«ስንት ቀን?»

«እኔ ምን አውቄ። የናዲ አውቶቡስ ሲመጣ እጄን አነሳለሁ። ነጂው ለእሱ መስሎት እጁን ያወዛውዝልኛል። ጥሩ ልጅ ነው፣ በኋላ በኋላ ማፏጨትም ጀመረ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽልኝ?» አልኳት።

«ልጄን በሰው ማዕድ ላይ አላዋርድም» አለችኝ። «አሁን ግን ተነሥ። እግሬን አደነዘዝከው፣ ሌላ የለኝም።»

ንገሪኝ እትዬ። እግሯ መቼ ነው የተቆረጠው?

ኢሊሶኒ

ሱቫ፣ ጃኑዋሪ 3 ቀን 1997

ለወንድሜ ለኢሊሶኒ፣

በኤፕሪል ነው። መምጣት አልቻልኩም ያልክበት ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት። ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ሐኪሙ «እግሯን ወይም እሷን» አለኝ፤ እኔ ፈረምኩ። «ቁስሉ አሁን የለም» ብዬ የጻፍኩልህ ጊዜ በብዕሬ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። እግር ከሌለ ቁስል ከየት ይመጣል?

ያልጻፍኩልህ፣ ልጽፍልህ ስል እጄን ይዛኝ ነው። «ለእግሬ ብሎ እንዳይመጣ። ለእኔ ብሎ ይምጣ» አለችኝ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ አስማለችኝ።

በመሐላዋ ብቻ ግን ዝም አላልኩም። አንተ ሁሉንም ከነገርከኝ እኔም ልንገርህ። ከሩፔኒ በኋላ እንኳ ልጽፍልህ እችል ነበር። አልፈለግኩም። የማጥባት እኔ፣ የማነሣት እኔ፣ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ የምትዘምረው የአንተን መንገድ ነው። እንድትበድል ፈለግኩ። የበደልክ ልጅ አንተ፣ የቀረችው ጥሩ ልጅ እኔ እንድሆን። አየር ማረፊያው ላይ ያን ወንበር ስታይ ምን እንደምትሆን እያሰብኩ ነው በዲሴምበር ስምንት የተኛሁት። ስታለቅስም ታየኸኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ደግሞ ሌላ። አንተ ናዲ የነበርክበትን ሳምንት የእሑድ ቀሚሷን በሥራ ቀን እያለበስኳት እቆጣት ነበር። «ማን ያጥበዋል?» ብያታለሁ።

እንግዲህ ማን ማንን ይቅር እንደሚል እኔ አላውቅም። የተቆረጠውን ቦታ በየቀኑ እጠቡላት፤ የቀኝ እግሯን ጣቶች አንድ በአንድ እዩ።

ኡናይሲ

ፐርዝ፣ ጃኑዋሪ 26 ቀን 1997

እትዬ፣

አንቺን ይቅር ለማለት እኔ ማን ነኝ? ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ያደረግሁትን ብቻ ልንገርሽ።

ለሊኔት ነገርኳት። ሁሉንም፤ ከአባባ ቀብር ጀምሮ። አልጮኸችም። «በረንዳ ላይ?» አለች ብቻ። «በረንዳ ላይ» አልኳት። ማጊን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። እማዬና እኔ ዓሣ ጠብሰን በላን። ከጥቂት ቀን በኋላ ሊኔት ተመለሰች፤ ኖርማን አብሯት ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መርከብ የለም ማለት ነው?» አለኝ።

«የለም።»

«አውቶቡስ ብቻ?»

«አውቶቡስ ብቻ።»

ወደ እማዬ ሄደና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ በግ ሲሸልት ያደገ። «እኔ እዚያ ገንዳ ዳር ቢራዬን ስጠጣ…» ብሎ መጨረስ አቃተው። እማዬ እጁን መታ መታ አድርጋ፣ «ቢራው ጥሩ ነበር?» አለችው። ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለብን።

ሊኔት ይቅር አላለችኝም። አብራኝ ትኖራለች፤ ግን የነገርኳትን ሁሉ ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። ዛሬ ዝናብ ነው ብላት መስኮት ታያለች። መብቷ ነው።

በፌብሩዋሪ እማዬን ሁላችንም ይዘናት እንመጣለን። ትልቁ አባባን ምንጣፉ ላይ ይቀመጥልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ባይቀመጥም እመጣለሁ።

ኢሊሶኒ

ሱቫ፣ ሜይ 27 ቀን 1997

ለኢሊሶኒ፣

በፌብሩዋሪ መጥታችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል። ኖርማን የረሳውን ባርኔጣ ሎሳሊኒ ወስዳ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታዋለች፤ ለገበያም ለዓሣ ማጥመድም። ካልወደደ ራሱ መጥቶ ይቀበላት።

ትልቁ አባባ የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ከእጅህ ተቀብሎ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ መሄዱ እንዳስጨነቀህ ጽፈሃል። ከሄዳችሁ በኋላ ምን አለ ብለህ ጠይቀሃል። ምንም አላለም። ግን ያን ዕለት የሄደው ወደ አባባ መቃብር ነው። ጥርሱን እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሲናገር ሩፔኒ ከሩቅ ሰምቶታል። «ልጅህ መጣ። ዘገየ። አንተም ምሳ ላይ ሁልጊዜ ትዘገይ ነበር» አለው። ባለፈው እሑድ ደግሞ ምግብ ሲቀርብ፣ «ኢሊሶኒ እዚያ የሚበላው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስምህን ጠራ። እማዬ ሰምታ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። ትናንት ጠዋት እግሯን ሳጥብ ከቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት ሥር ቁስል አገኘሁ። ትንሽ ናት፤ ግን ጥቁር ናት። ሐኪሙ ዛሬ አይቷት ፊቱ ደስ አላለኝም፤ ልቧም ደክሟል አለ። «አትጻፊለት» አለችኝ እንደ ልማዷ። «እማዬ፣ እጽፍለታለሁ» አልኳት። ዓይኔን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ግን አላስማለችኝም።

ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። አወቅሁ፣ ነገርኩህ።

እህትህ ኡናይሲ

ከፐርዝ በሰባኪው ቤት ፋክስ የደረሰ፣ ጁን 6 ቀን 1997

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አሁን አነበብኩት። ለአለቃዬ እናቴ ታማለች አልኩት፤ ፈቀደልኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ዛሬ ማታ እነሳለሁ፤ ሊኔትና ማጊ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይከተሉኛል። ነገ ናዲ ወርጄ የመጀመሪያውን አውቶቡስ እይዛለሁ።

ለእማዬ ንገሪያት፤ ግን በረንዳ ላይ እንዳታወጪያት። ዝናብ ይዘንብ ይሆናል። አልጋዋ ላይ ትሁን፤ እኔው በሩን ከፍቼ እገባለሁ።

ኢሊሶኒ